ቅናሹ ከየት መጣ?

(ይህ ጽሑፍ የጥር ሠርግ ከመድረሱ በፊት ደሴ ላይ ጎጆ ለሚወጡ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም አሳጥሬዋለሁ። መጨረሻ ላይ የተነሡትን ጥያቄዎችም ጨምሬያለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። አሰላሙ አለይኩም። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሶፋ፣ ስለ ፍራሽና ስለ ፍሪጅ ነው። የቤት ዕቃ መሸጥ እንጀራዬ ነበር። እዚሁ ደሴ ፒያሳም ሸዋ በርም ሱቅ ውስጥ ቆሜ ሸጫለሁ። ስለዚህ ነጋዴን ለመውቀስ አልመጣሁም። ኪራይ፣ ግብርና የሠራተኛ ደመወዝ ጀርባውን የሚያጎብጠው ሰው እንደሆነ አውቃለሁ። የመጣሁት ከባንኮኒው ወዲያ ያለውን ስሌት ላሳያችሁ ነው። አቅሙ ትንሽ የሆነ ገዢ ይህን ስሌት ካላወቀ፣ በርካሽ ገዛሁ ብሎ ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ርካሽ ዕቃ ባያችሁ ቁጥር አንድ ነገር ጠይቁ። ቅናሹ ከየት መጣ? ዋጋ ሲቀንስ አንድ ሰው አንድ ቦታ ላይ የሆነ ነገር ትቷል። ሻጩ ከትርፉ ትቶ ይሆናል። አስመጪው በብዛት ገዝቶ አውርዶት ይሆናል። ዕቃው ተጭሮ ይሆናል። ወይም ደግሞ ከዕቃው ሆድ ውስጥ ተቀንሷል። ሻጩን በቀጥታ ጠይቁት። ምክንያቱን በግልጽ ከነገራችሁ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ቅናሽ ነው። ምላሽ ካጣ፣ ወይ «ለእናንተ ብዬ ነው» ካለ፣ ዕቃውን ገልብጣችሁ ማየት አለባችሁ።

ይህ ነገር ለወሎ ሰው ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የብዙ ሰው ቤት ባዶውን ቀርቷል። ሱቅም መጋዘንም ተዘርፏል። ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ከማንኪያ እስከ አልጋ እንደ አዲስ መግዛት ነበረበት። ሁሉንም ባንድ ጊዜ የሚገዛ ሰው ደግሞ ጥራት የማየት ፋታ የለውም። ብሩን ለስንት ዕቃ እንደሚያብቃቃው ነው የሚያስበው። በዚያ ጊዜ የተገዛ ስንትና ስንት ዕቃ ዛሬ ቆራሌው ወስዶታል።

ሌላው አረብ አገር ነው። የብዙ ቤት ሶፋና ፍሪጅ የሚገዛው ጅዳ ወይም ሪያድ ሰው ቤት በምትሠራ ልጅ ብር ነው። እናት ሱቅ ትገባለች። ስልኳን አውጥታ በኢሞ ሶፋውን እያዞረች ታሳያለች። ልጅቱ «እማ፣ ደስ ያለሽን ግዢ፣ ስለ ብሩ አታስቢ» ትላለች። ሻጩም ይሰማል። ከዚያ በኋላ ዋጋው ንቅንቅ አይልም። ይህን ብዙ ጊዜ ቆሜ አይቻለሁ። ያ ብር የልጅቱ ጉልበት ነው፣ ያልተኛችው እንቅልፍ ነው። ዓመት ሳይሞላው በሚሰምጥ ሶፋ ላይ ሲውል አንጀት ያሳርራል። ስለዚህ እናቶቼ፣ ፎቶ አንሡና ውጡ። ደጅ ሆናችሁ ደውሉላት። ስንት ብር እንደያዛችሁም ለሻጭ አትንገሩ። «በስንት ነው ያሰባችሁት?» ሲላችሁ «መጀመሪያ ያለህን አሳየን» በሉት።

አሁን ወደ ደህናው ቅናሽ ልሂድ። እውነተኛ ቅናሽ አለ፤ ከየት እንደሚመጣም የታወቀ ነው።

አንደኛው መንገድ ብዛት ነው። አንድ አስመጪ ሙሉ ኮንቴይነር ፍሪጅ በጂቡቲ ሲያስገባ የአንዱ ዋጋ ይወርዳል። ሌላው ኪራይ ነው። ፒያሳ ዋናው መንገድ ላይ ያለ ሱቅና ገባ ብሎ ያለ ሱቅ አንድ ዓይነት ዕቃ በተለያየ ዋጋ ቢሸጡ አይግረማችሁ። የመስታወቱን ኪራይ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። እግራችሁን ትንሽ አድክሙ።

ሌላው ጭነት ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አይሱዙ ላይ ሶፋና ቁም ሳጥን ተጭኖ ጣርማ በርን ሲያልፍ ከጭነቱ የሚበዛው አየር ነው። ለዚያ አየር የጭነት ዋጋ ይከፈላል። ይህን ነገር ቀድመው የተረዱት ስዊድኖች ናቸው። ኢንግቫር ካምፕራድ የተባለ የ17 ዓመት ልጅ በ1943 እ.ኤ.አ. አይኬያ የሚባለውን ንግድ ጀመረ። በ1956 እ.ኤ.አ. ዕቃውን ፈታትቶ፣ በጠፍጣፋ ካርቶን አሽጎ መሸጥ ውስጥ ገባ። ሐሳቡ የመጣው አንድ ሠራተኛ ጠረጴዛ መኪና ውስጥ አልገባ ሲለው እግሩን ፈትቶ ስለጫነው እንደሆነ ይነገራል። ገዢው ቤቱ ወስዶ ራሱ ይገጥመዋል። በዚህ መንገድ ጭነቱም፣ መጋዘኑም፣ ገጣሚውም ከዋጋው ላይ ይወርዳሉ። እዚህም በካርቶን የሚመጣ ቁም ሳጥንና የቲቪ ስታንድ ርካሽ የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። በሶፋ በኩል ደግሞ እዚሁ ደሴ ወይ ኮምቦልቻ የሚሠራው የጭነት ወጪ የለበትም። ከሩቅ ከመጣው ሶፋ ጋር ዋጋው እኩል ከሆነ «ለምን?» በሉ።

ወቅትም ዋጋ አለው። በዚህ አገር የቤት ዕቃ የሚወደደው ጥር ነው። ሠርጉ አለ፣ ገበሬውም ምርቱን ሰብስቦ እጁ ላይ ብር አለ። ከኢድ በፊትም ሰው ምንጣፍና መጅሊስ፣ ማለትም ወለል ላይ የሚዘረጋ የስፖንጅ መቀመጫ፣ ይቀይራል። ሐምሌና ነሐሴ ግን ሱቁ ጭር ይላል። በዐቢይ ጾም ሠርግ የለም። ረመዳን ሲጀምርም ሶፋ የሚጠይቅ ሰው ይቀንሳል። ኪራዩ ግን አይጾምም። በእነዚህ ወራት የሚሰጥ ቅናሽ ከሻጩ ትርፍ ላይ የወጣ ነው፣ በልበ ሙሉነት ውሰዱት። ለጥር የሚያገባ ሰው አልጋውን በነሐሴ ቢገዛ ምን ይለዋል? የሚያስቀምጥበት ቦታ ካለው ምንም አይለውም።

የተጨረ፣ ጎኑ የተሰረጎደ ፍሪጅም አለ። ጭረቱ በር ላይ ወይ ጎን ላይ ከሆነና ከጀርባ ያለው ቱቦ ካልተነካ፣ ለኪሳችሁ እንደሱ ያለ ዕድል የለም። ግድግዳ ጋ ሲጠጋ ማንም አያየውም።

«የድሮ ስቶክ ነው» ስለሚባለውም አንድ ቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ነጋዴው ትናንት በገዛበት ዋጋ ከሸጠ፣ ነገ በዚያው ብር መተካት አይችልም። ስለዚህ ዋጋ የሚያወጣው ነገ ዕቃውን የሚተካበትን ዋጋ አስልቶ ነው። ይህ ለእኔ ክፋት አይመስለኝም። ነገር ግን «የድሮ ስቶክ ስለሆነ ነው የቀነስኩት» ሲላችሁ፣ ሞዴሉን ይዛችሁ ሌላ ሱቅ ጠይቁ። ልዩነት ከሌለ ቅናሹ ወሬ ነው።

አሁን ደግሞ ዓይናችን እንዴት እንደሚሸነፍ ልንገራችሁ። በ1974 እ.ኤ.አ. አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ምሁራን አንድ ሙከራ አሳተሙ። ሰዎች ፊት ቁጥር የተጻፈበት መንኮራኩር ያዞራሉ። መንኮራኩሩ 10 ወይም 65 ላይ ብቻ እንዲቆም ተደርጓል። ከዚያ «ከተባበሩት መንግሥታት አባላት መካከል የአፍሪካ አገሮች በመቶ ስንት እጅ ናቸው?» ብለው ይጠይቃሉ። መንኮራኩሩና ጥያቄው ምንም አይገናኙም። ነገር ግን 10 የወጣላቸው ሰዎች መካከለኛ ግምት 25 ሆነ። 65 የወጣላቸው ደግሞ 45 ሆነ። መጀመሪያ ያዩት ቁጥር ልባቸው ውስጥ ቀርቶ ግምታቸውን ጎተተው።

ሱቅ ውስጥ መንኮራኩሩ በር ላይ የቆመው ውድ ሶፋ ነው። 120,000 ብር ተለጥፎበታል። ሻጩ እሱን ለመሸጥ ብዙም አይጨነቅ ይሆናል። እሱን አይታችሁ ስትገቡ ውስጥ ያለው የ65,000 ብር ሶፋ ርካሽ መስሎ ይታያችኋል። ለብቻው ብታዩት «ኧረ ምን ሆኖ ነው!» ትሉ ነበር። ተሰርዞ ከጎኑ የተጻፈ ዋጋም ሥራው ያው ነው። 48,000 ተሰርዞ 39,999። ያ 48,000 መቼ ነበር ዋጋው? ማን ገዛበት? እናንተ ልታረጋግጡት የምትችሉት ነገር አይደለም። ስለዚህ የተሰረዘውን ቁጥር አትዩት። የራሳችሁን ቁጥር ይዛችሁ ግቡ። ከመግዣው ቀን በፊት ሦስት አራት ሱቅ ዙሩ፣ አትግዙ፣ ዋጋውን በስልካችሁ መዝግቡ። በማግሥቱ ብር ይዛችሁ ስትመጡ ልባችሁ ውስጥ ያለው ቁጥር የእናንተው ይሆናል።

«አንድ ብቻ ነው የቀረው» የሚለው ደግሞ ለችኩል ሰው ነው። ባዛር ላይ ይበዛል። ጊዜ አላጠፋበትም።

ወደ ዕቃው ሆድ እንግባ። እዚህ ጋ ረጋ ብዬ ላውራ፤ የብዙ ሰው ብር የሚጠፋው እዚህ ነው።

ሶፋ ማለት እንጨት፣ ስፖንጅና ጨርቅ ነው። ዓይን የሚያየው ጨርቁን ብቻ ነው። ስለዚህ ዋጋ መቀነስ የፈለገ ሠሪ ጨርቁን አይነካም። ከእንጨቱና ከስፖንጁ ነው የሚያነሣው። እንጨቱ እርጥብ ባሕር ዛፍ ከሆነ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ሚስማሩ ይላላል፣ ቤታችሁ ውስጥ ይንቋቋል። እንዴት ትለያላችሁ? ከፊት ካሉት እግሮች አንዱን ጥግ ይዛችሁ አንድ ስንዝር ያህል አንሡት። ሌላኛው የፊት እግር አብሮ ከተነሣ ማቀፊያው ጠንካራ ነው። እሱ መሬት ላይ ቀርቶ ሶፋው ከተጠማዘዘ፣ ሁለት ልጆች ሲዘሉበት ምን እንደሚሆን አስቡ። ከዚያ ገልብጡት። ከሥሩ ያለው ስስ ጥቁር ጨርቅ ጠርዙ ላይ ትንሽ ከተከፈተ በስልክ መብራት ወደ ውስጥ እዩ። ከካርቶንና ከሳጥን እንጨት የተቀጣጠለ ከሆነ ይታያል። ሻጩ «ምን ታደርጋላችሁ?» ካለ፣ «ልንገዛው ስለሆነ ነው» በሉት። ነውር የለውም።

ስፖንጁን ደግሞ በክብደት ነው የምትይዙት። ሻጮች «ዴንሲቲ» የሚሉት ነገር አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ነው። ስፋቱም ርዝመቱም 60 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሶፋ መቀመጫ እንውሰድ። ዴንሲቲው 16 ከሆነ ስፖንጁ 700 ግራም ገደማ ይመዝናል። 30 ከሆነ 1 ኪሎ ከ300 ገደማ ነው። በእጅ ብቻ ይታወቃል። ፍራሽም እንደዚሁ። ስፋቱ 1.50፣ ርዝመቱ 1.90፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ የስፖንጅ ፍራሽ በዴንሲቲ 18 ወደ 10 ኪሎ ይመጣል። በ30 ደግሞ 17 ኪሎ ይሆናል። ላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት 30 ብሎ፣ አንድ ልጅ በአንድ እጁ ብድግ ካደረገው ወረቀቱ እውነቱን አልተናገረም ማለት ነው። ሚዛን ያለበት ሱቅ ከጎን አይጠፋም። መዝኑት።

ዚፕ ካለው ክፈቱ። ውስጡ አንድ ወጥ ስፖንጅ ነው ወይስ የተጠራቀመ ቁርጥራጭ? ቁርጥራጭ ለጀርባ ትራስ ይሆናል፤ ለመቀመጫ ግን ጥቂት ወር ቆይቶ ወደ ጥግ ይሸሻል።

አረቢያን መጅሊስ ላይ ይህ ሁሉ እጥፍ ይሆናል። መጅሊስ እንጨት የለውም ማለት ይቻላል። የምትገዙት ስፖንጅና ጨርቅ ነው። በሜትር ሲነገራችሁ ርካሽ ይመስላል። ለሳሎናችሁ ስንት ሜትር እንደሚገባ ሳትለኩ ዋጋ አትቁረጡ። ጥጉ እንደ ሜትር ይቆጠራል ወይስ ለብቻው ነው? ትራሱና መደገፊያው በዋጋው ውስጥ አለ? ውፍረቱስ? 15 ሳንቲ ሜትር ተባብላችሁ 10 ቢመጣ ሲሶው ተወሰደ ማለት ነው። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ።

ቁም ሳጥንና ቡፌን በአጭሩ ልበል። ኤምዲኤፍና ቺፕውድ፣ ከተፈጨ እንጨት ተጣብቆ የሚሠራው ጣውላ፣ ለዋጋው መጥፎ አይደለም። ጠላቱ ውኃ ነው። ጠርዙ ያልታሸገ ከሆነ በደሴ ክረምት ከሲሚንቶ ወለል ላይ እርጥበት ይስብና ያብጣል። እግር ያለውን ምረጡ። ሌላው ነገር፣ ብሎኑ ተፈትቶ በዚያው ቀዳዳ ሲመለስ እንደ መጀመሪያው አይነክስም። በየዓመቱ ቤት የሚቀይር ተከራይ ይህን ያስብ። ዋንዛ ነው ተብሎ የሚሸጥ ነገር ሁሉ ደግሞ ዋንዛ አይደለም። ዋንዛ እየጠፋ፣ እየተወደደ የመጣ እንጨት ነው። ቀለም የተቀባ ባሕር ዛፍ ፊት ለፊቱ ይመስላል። መሳቢያውን አውጥታችሁ ያልተቀባውን የውስጥ እንጨት እዩ።

ኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ ወሎን በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ከሳዑዲ በካርጎ የሚመጣ ዕቃ ነው። እዚህም «የሳዑዲ ኦሪጅናል» እየተባለ በቅናሽ ይሸጣል። የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ኸርዝ ማለት ኤሌክትሪኩ በአንድ ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው። የሳዑዲ ግን 60 ኸርዝ ነው። ከዚህም በላይ ሳዑዲ ውስጥ ለረጅም ዘመን 127 ቮልት በቤት ውስጥ ሲሠራበት ኖሯል። በዚያ ቮልት የሚሠራ ዕቃ እዚህ ሲሰካ ይቃጠላል። ቮልቱ ቢስማማ እንኳ በ60 ኸርዝ እንዲዞር የተሠራ ተራ ሞተር በ50 ሲዞር ፍጥነቱ በስድስተኛ እጅ ያህል ይቀንሳል፣ ይሞቃልም። የፍሪጅ ኮምፕረሰርና የልብስ ማጠቢያ ሞተር ላይ ይህ ዕድሜ ይቆርጣል። ቴሌቪዥንና የስልክ ቻርጀር ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ስለሚቀበሉ አያሳስቡም። ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። ከዕቃው ጀርባ የተለጠፈችውን ወረቀት አንብቡ። 50 የሚል ቁጥር ከሌለና 60 ብቻ ካለ፣ ቅናሹ ከየት እንደመጣ አወቃችሁ። ልጆቻችሁ እዚያ ሆነው ፍሪጅ ሊልኩ ሲያስቡም ይህን ቀድማችሁ ንገሯቸው። ዕቃውን ከሚልኩ ብሩን ልከው እዚህ ቢገዛ ይሻላል እላለሁ።

የፍሪጅ መጠንም እንዲሁ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ባቲና ከሚሴ ሙቀት ነው። ባቲ ላይ ፍሪጅ ሌት ተቀን ይደክማል። ደሴ ላይ አራት ሰው ያለበት ቤት ትልቅ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ምን ያደርግለታል? ሻጭ ወደ ትልቁ የሚገፋችሁ ትርፉ እዚያ ስለሆነ ነው። «ትንሽ ብር ብትጨምሩ እኮ…» ሲባል ቆም በሉ። ያ ትንሽ ብር ስታብላይዘር፣ የመብራቱን ኃይል የሚያመጣጥነውን ዕቃ፣ ይገዛል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ነው ፍሪጅን የሚገድለው። ርካሽ ፍሪጅ ከስታብላይዘር ጋር፣ ያለ ስታብላይዘር ከተገዛ ውድ ፍሪጅ የተሻለ ዕድሜ እንዳለው አምናለሁ። ተኝቶ ተጭኖ የመጣ ፍሪጅም ቀጥ ብሎ ለሰዓታት ሳይቆም አይሰካ። የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቦታው መመለስ አለበት።

ቴሌቪዥን ላይ ሜትር ብቻ ይበቃል። 32 ኢንች የሚባለው ከጥግ ወደ ተቃራኒ ጥግ 81 ሳንቲ ሜትር ነው። 43 የሚባለው 109 ነው። የሚለካው ብርሃን የሚያወጣው ክፍል እንጂ ጠርዙ አይደለም።

ስለ ደረሰኝ እንነጋገር። ዋጋ ከቆረጣችሁ በኋላ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ትባላላችሁ። ያለ ደረሰኝ 20,000፣ በደረሰኝ 23,000። ልዩነቱ 15 በመቶ ቫት ነው። 3,000 ብር ለድሃ ብዙ ነው፣ ይገባኛል። ግን ይህ ቅናሽ ሻጩ ከኪሱ አውጥቶ የሰጣችሁ አይደለም። ለመንግሥት መግባት የነበረበት ግብር ነው የቀረው፤ እናንተም አብራችሁ ማስረጃችሁን ሰጥታችኋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል። የገዛችሁት ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት፣ በገዛችሁ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥላችሁ ወይ ብሩ እንዲመለስላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ ይላል። ዕቃ ስላያችሁ ወይ ዋጋ ስለተከራከራችሁም ለመግዛት አትገደዱም። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ግድግዳ ላይ ቢለጠፍም ጉድለት ላለበት ዕቃ የተሰጣችሁን መብት አያነሣም። ነገር ግን ደረሰኝ ከሌላችሁ መቼ፣ ከማን፣ በስንት እንደገዛችሁ በምን ታስረዳላችሁ? ለትራስና ለምንጣፍ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። ሞተር ላለው ዕቃ ግን ያለ ደረሰኝ አትግዙ። ደረሰኙ ላይም ሞዴሉና መለያ ቁጥሩ ይጻፍ። «ፍሪጅ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ደረሰኝ የየትኛው ፍሪጅ እንደሆነ አይናገርም።

የመጨረሻው ትልቅ ነገር በየወሩ መክፈል ነው። ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። የሲንገርን የስፌት መኪና ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ በየገበያው ያሉ ልብስ ሰፊዎች ሲሠሩበት ኖረዋል። የድርጅቱ ሰው ኤድዋርድ ክላርክ በ1856 እ.ኤ.አ. መኪናውን በትንሽ ቅድሚያ ክፍያና በወርኃዊ ክፍያ መሸጥ ጀመረ። መኪናው ለብዙ ቤተሰብ ባንድ ጊዜ የማይቀመስ ነበር። በወር በወር ሲሆን ግን ሰው ገዛው። ሽያጩም ተተኮሰ። መኪናው ሠርቶ ብር ስለሚያስገባ ብድሩን ራሱ ይከፍላል። ሶፋ ግን ብር አያስገባም። ልዩነቱን እዚህ ላይ ያዙልኝ።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ፍሪጁ በካሽ 40,000 ብር ነው። በወር በወር ከሆነ 10,000 ቅድሚያ፣ ከዚያ 3,500 ለ12 ወር። ሻጩ «በወር 3,500 ብቻ» ይላችኋል። ደምሩት። 10,000 እና 42,000፣ 52,000 ነው። የጨመራችሁት 12,000 ብር ነው። «በ40,000 ላይ 12,000፣ ሠላሳ በመቶ» ትሉ ይሆናል። አይደለም። የተበደራችሁት 30,000 ብቻ ነው። እሱም በየወሩ እየከፈላችሁት ስለሚያንስ በዓመቱ ውስጥ በአማካይ እጃችሁ ላይ ያለው ብድር 16,000 ገደማ ነው። በ16,000 ላይ 12,000 ብር መክፈል ማለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እዩት። ወርኃዊውን ቁጥር ትታችሁ ድምሩን ጠይቁ። አንድ ወር ብታልፉ ምን ይሆናል? ዕቃውን ይወስዳል? የከፈላችሁት ይመለሳል? በጽሑፍ ይሁን።

ወለድ ለማይነካው ወገናችን ሙራባሃ አለ። ባንኩ ዕቃውን ይገዛል፣ የገዛበትን ዋጋና ትርፉን ነግሯችሁ ይሸጥላችኋል፣ ዋጋው ከዚያ በኋላ አይጨምርም። ግልጽነቱን እወደዋለሁ። ቢሆንም ድምሩን ከካሽ ዋጋ ጋር አስተያዩት።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው እቁብ ነው። 12 ሴቶች በወር 3,500 ብር ቢጥሉ አንዷ 42,000 ብር በእጇ ይዛ ሱቅ ትገባለች። ካሽ የያዘ ሰው ቅናሽ ጠያቂ ነው። እንዲያውም ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ ዓይነት ፍሪጅ ባንድ ቀን ብትገዙ፣ ያ ብዛት ያልኳችሁ ቅናሽ ወደ እናንተ ይመጣል። የቅሬ (የዕድር) ድንኳንና ብረት ድስት በጋራ መግዛት የምንችል ሰዎች ፍራሽ በጋራ መግዛት አያቅተንም።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ተነሣ።

አንዲት እናት «ልጄ፣ ብሬ ትንሽ ናት። ያገለገለ ደህና ፍሪጅ ልግዛ ወይስ አዲስ ርካሽ?» አሉኝ።

እናቴ፣ ያገለገለውን ከሚያውቁት ሰው ቤት ተሰክቶ እየሠራ ካገኙት እሱን ይግዙ። ከሱቅ ከሆነ ግን ሁለት ሰዓት ያህል ያሰኩትና ውኃ በጣሳ ያስገቡበት፤ ሲቀዘቅዝ ይዩ። ወረቀት በበሩ መሐል አስገብታችሁ ዝጉት ይበሏቸው። ወረቀቱ ሲሳብ ያለ ምንም ትግል ከወጣ የበሩ ጎማ ደክሟል፣ ቆጣሪዎን ይበላዋል። አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ፍሪጅ ከሆነ ይተዉት። ይህን ሁሉ «አይቻልም» ካሉዎት አዲሱን ትንሹን ይግዙ።

አንድ ሙሽራ ደግሞ «ጋሼ፣ ሙሉ ፓኬጅ ብለው ሶፋ፣ ቡፌ፣ አልጋና ቁም ሳጥን ባንድ ዋጋ ሰጡኝ። ይሻላል?» አለ።

የእያንዳንዱን ዋጋ ለየብቻ አስጽፍ። ፓኬጅ ውስጥ አንዱ ጥሩ ሆኖ ሌሎቹን ይሸፍናል፤ ብዙ ጊዜ የሚሸፈነው ፍራሹ ነው። ፍራሹን ከፓኬጁ አስወጣና ለብቻህ ግዛ። ቡፌውን ለዛሬ ተወው። ሰሃን እስክታሟሉ ድረስ ቡፌ አያስፈልጋችሁም።

የመጨረሻው ጠያቂ «አናጢ ጋ ባሠራስ?» አለ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ውሉን ካወቅህበት። የእንጨቱ ዓይነት፣ የስፖንጁ ዴንሲቲና ውፍረት፣ የጨርቁ ዓይነትና የሚያስረክብበት ቀን ይጻፍ። ግማሹን ብቻ ቅድሚያ ስጥ። ከዚያ እንጨቱ ተገጥሞ ጨርቅ ሳይለብስ በፊት «መጥቼ አያለሁ» ብለህ ተዋዋል። በዚያ ቀን ሄደህ ጥጉን አንሣ፣ ስፖንጁን መዝን፣ በስልክህ ፎቶ አንሣው። ቀሪውን ብር ሶፋው ቤትህ ገብቶ ከተቀመጥክበት በኋላ ክፈል።